አልበማችሁ ሱቅ ከገባ በኋላ፦ ሀዋሳ ላይ በራሱ ወጪ ያሳተመ ባንድ ማወቅ ያለበት

አልበሙን በራሱ ወጪ የጨረሰ ባንድ ወደ ሙዚቃ ቤት ሲሄድ የሚፈራው "አንቀበልም" መባልን ነው። ሀዋሳ ላይ ግን አብዛኛው ባለሱቅ አይከለክልም። "አምጡት፣ እዚያ ጋ አስቀምጡት፣ ሲሸጥ ትወስዳላችሁ" ይላል። ምን ይጎዳዋል? ዕቃው የእናንተ፣ ወጪው የእናንተ፣ ኪሳራውም የእናንተ። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ስትመለሱ ከ20ው ፍሬ 6ቱ የሉም፤ የተረከበው ልጅ ሥራ ለቋል፤ አዲሱ ልጅ ነገሩን ሰምቶት አያውቅም፤ ባለሱቁ "እስቲ እሱን ደውዬ ልጠይቀው" ይላል። ከዚያ በኋላ የሚደወል ስልክ የለም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ስለ መግባቱ ትንሽ፣ ስለ ዕቃው አዘገጃጀትና ስለ ገንዘቡ አሰባሰብ ብዙ ይላል።

ሙዚቃ ቤት ድሮ ሌላ ነገር ነበር

በኛ ሀገር "ሙዚቃ ቤት" መሸጫ ብቻ አልነበረም፤ አሳታሚም አከፋፋይም ነበር። አምሃ እሸቴ በፈረንጆቹ 1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መነሻው የሸክላ መሸጫ ሱቁ ነበር፤ የማሳተሙ ብቸኛ መብት በወቅቱ የሀገር ፍቅር ማኅበር ስለነበር ድፍረትም ይጠይቅ ነበር። በካሴት ዘመን እነ አምባሰልና ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤት የዘፋኙን ሥራ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይገዙታል፣ ያባዙታል፣ ሽፋኑን ያሳትማሉ፣ በካርቶን አሽገው በአውቶቡስ ወደ ክፍለ ሀገር ይልካሉ። ባንዱ ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ካሴቱ ሀዋሳ ስንት ፍሬ ተሸጠ፣ ሻሸመኔ ስንት ቀረ የሚለው የእሱ ራስ ምታት አልነበረም።

ያ ሰንሰለት በኮፒ ተበጥሷል። ዛሬ በራሱ የሚያሳትም ባንድ አሳታሚውንም፣ አባዢውንም፣ አከፋፋዩንም፣ ሂሳብ ሰብሳቢውንም ሆኖ ይሠራል። ብዙዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በደንብ ሠርተው የኋለኞቹን ሁለቱን ይረሷቸዋል።

ሱቁም ተለውጧል። ፒያሳ ወይም መናኸሪያ አካባቢ "ሙዚቃ" የሚል ታፔላ ያለው ሱቅ ውስጥ ስትገቡ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ሜሞሪ ካርድና ትንንሽ ስፒከር ነው። ጥግ ላይ አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ደንበኛው ፍላሹን ይሰጣል፣ ልጁ ዘፈን ይሞላለታል፣ ሂሳቡን ይቀበላል። ተፎካካሪያችሁ ሌላ ባንድ አይደለም፤ ያ ኮምፒውተር ነው። አልበማችሁ እዚያ ውስጥ ከገባ መደርደሪያ ላይ ያለውን ማንም አይነካውም። ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ የዕቃውን ዓይነትም፣ የኮሚሽኑን መጠንም ይወስናል።

ሲዲ ወይስ ፍላሽ?

ሲዲ ክብር አለው፤ ስጦታ ይሆናል፣ ይፈረምበታል። ግን ማጫወቻው ቤት ውስጥ እየጠፋ ነው፤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ የሲዲ ማስገቢያ የለም። ሲዲ ከመረጣችሁ ሁለቱን ዓይነት ለዩ። በፋብሪካ የሚታተመው ሲዲ በማተሚያ ሻጋታ ተጨፍልቆ ስለሚሠራ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ብዙ ፋብሪካዎች ከ300 ወይም ከ500 ፍሬ በታች አይቀበሉም። በኮምፒውተር የሚቃጠለው ግን መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ያ ቀለም ሙቀትና ፀሐይ አይወድም። ባለሱቁ በደግነት መስኮቱ ላይ ደርድሮላችሁ የሀዋሳ የከሰዓት ፀሐይ በመስታወት በኩል ሲያርፍበት ከከረመ መዝለል ይጀምራል፣ ደንበኛውም ይዞት ይመጣል። በዝቅተኛ ቁጥር የምታቃጥሉ ከሆነ ፕሮግራሙ የሚሰጣችሁን ከፍተኛውን ፍጥነት አትምረጡ፤ ዲስኩ መጨረሻ ላይ "መዘጋቱን" (ፋይናላይዝ መደረጉን) አረጋግጡ፤ ያልተዘጋ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ የመኪና ቴፕ ላይ አይነበብም። ዲስኩ ላይ የወረቀት ስቲከር አትለጥፉ። ሚዛኑን ያዛባዋል፤ መኪና ውስጥ ሲሞቅ ይላጥና ዲስኩ ማጫወቻው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። የድምፅ ሲዲ የሚይዘው ቢበዛ 80 ደቂቃ ነው።

ለሀዋሳ የእኛ ምርጫ ፍላሽ ነው። ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ ቤት ያለው ቴሌቪዥንም ይቀበለዋል። አሠራሩ ግን ቀላል መስሎ ወጥመድ የሞላበት ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

በመጀመሪያ መጠኑ። 45 ደቂቃ የሚወስድ አልበም በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲሆን 108 ሜጋባይት ያህል ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለው ትንሹ ፍላሽ ይበቃል፤ 4 ወይም 8 ጊጋ ካገኛችሁ ከዚያ በላይ አትግዙ። ትንሹን መምረጥ ሌላም ጥቅም አለው፦ እስከ 32 ጊጋ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ፋት32 በሚባለው ፎርማት ተዘጋጅተው ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ግን ኤክስፋት በሚባለው ነው የሚመጡት፣ ርካሽ የመኪና ማጫወቻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤክስፋትና ኤንቲኤፍኤስ የተባሉትን ፎርማቶች አያነብም። ደንበኛው "ባዶ ነው" ብሎ ይመልስላችኋል፤ ባዶ አይደለም፣ ቴፑ ነው ያላየው።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ዘፈኑን የሚያጫውቱት በስሙ ፊደል ተራ ሳይሆን ፍላሹ ላይ በተጻፈበት ተራ ነው። ፋይሉን "01"፣ "02" ብላችሁ ብትሰይሙትም ሁሉንም አንድ ላይ መርጣችሁ ከጎተታችሁ 7ኛው ዘፈን መጀመሪያ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው አንድ ዋና ፍላሽ ማዘጋጀት ነው፦ ፎርማት አድርጉት፣ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ በተራቸው ገልብጡ፣ ባጃጅ ላይ ሞክሩት፣ ከዚያ የዋናውን ፍላሽ ሙሉ ቅጂ (ዲስክ ኢሜጅ) ወስዳችሁ በሌሎቹ ላይ አራግፉ። ስሞቹን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ግዕዙን የማያውቅ ማጫወቻ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ደርድሮ ያሳያል፣ አንዳንዱም ፋይሉን ይዘለዋል። የአማርኛው ስም ሽፋኑ ላይ ይበቃል። በማክ ኮምፒውተር ከገለበጣችሁ በነጥብ የሚጀምሩ የተደበቁ ፋይሎች አብረው ይገባሉ፤ ማጫወቻው እነሱንም ዘፈን መስለውት በየዘፈኑ መሃል ዝም ይላል። አጥፏቸው። ጥራት ለሚወድ ሰው ብላችሁ ያልተጨመቀውን ቅጂ አብራችሁ አታስገቡ፤ እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ጊዜ ይዘፈናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በጅምላ የሚሸጥ በጣም ርካሽ ፍላሽ "8 ጊጋ" ተብሎ ውስጡ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። የእናንተ 108 ሜጋባይት ይገባበታል፤ ግን ገዢው ቀሪውን ቦታ በሌላ ዘፈን ሲሞላው የእናንተም ይበላሽበታል፣ ስሙ የሚጠፋው የእናንተ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት 2 ወይም 3 ፍሬ ወስዳችሁ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ መልሶ በሚያነብ ነፃ የመፈተሻ ፕሮግራም ፈትሹ።

ፍላሽ ብቻውን መደርደሪያ ላይ አይታይም፣ ኪስም ይገባል። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ወፍራም ካርቶን ላይ አጣብቃችሁ፣ አናቱ ላይ መስቀያ ቀዳዳ አውጥታችሁ፣ በፕላስቲክ አሽጉት። ሱቆቹ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰቅሉበት ብረት ላይ ይሰቀላል። የዘፈን ዝርዝሩ፣ የግጥምና የዜማ ባለቤቶች ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና ስልክ ቁጥሩ ከኋላ ይሁን። ማተሚያ ቤቱ ዲዛይኑን ሲጠይቅ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት፣ በአራቱ የሕትመት ቀለሞች ተዘጋጅቶ፣ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር የሚቆረጥ ትርፍ ያለው ፋይል ስጡት። ስልክ ላይ ቆንጆ የነበረው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ የሚወጣው ይህ ሲረሳ ነው።

ከመሸጡ በፊት የሚያልቁ ወረቀቶች

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ 872/2007 የተሻሻለው፣ መብቱን የሚሰጠው ሥራው እንደተሠራ ነው፤ ሳይመዘገብም መብት አለ። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግን ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆናል። የባንድ ጠብ ደግሞ የሚመጣው ዘፈኑ ሲወደድ ነው፤ ያልተወደደ ዘፈን ላይ ማንም አይካሰስም። ግጥሙ የማን ነው፣ ዜማው የማን ነው፣ ቅንብሩን ማን ሠራው፣ ከውጭ ተጠርቶ ሳክስፎን የነፋው ልጅ በአንድ ጊዜ ክፍያ ጨርሷል ወይስ ድርሻ አለው — ይህ አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ይፈረምበት። የሌላ ሰው ዘፈን በአዲስ ቅንብር ከተጫወታችሁ ከግጥሙና ከዜማው ባለቤቶች የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ባለቤቱ በሕይወት ባይኖርም መብቱ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ስለሚቆይ ከወራሾቹ ትጠይቃላችሁ። ያለፈቃድ የወጣ ሥራ የሚሸጥ ሱቅም አብሮ ተጠያቂ ስለሚሆን፣ ፎቶ ኮፒውን ለባለሱቁ ማሳየት እምነት ይገዛላችኋል።

እያንዳንዱ ዘፈን አይ ኤስ አር ሲ የሚባል ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ቢኖረው ጥሩ ነው። ሀዋሳ ያለ ሱቅ አይጠይቃችሁም። በኢንተርኔት የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ግን ይጠይቃሉ፣ ብዙዎቹም ራሳቸው ይሰጧችኋል።

ዋጋውን በወረቀት ላይ አውጡት

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌቱ ማሳያ ብቻ ናቸው፤ በራሳችሁ ተኩ። አንድ ፍሬ ከነፍላሹ፣ ካርቶኑና ማሸጊያው 180 ብር ፈጀ እንበል። 100 ፍሬ ሲሆን 18,000 ብር ወጥቷል። መሸጫው 350 ብር፣ ለእናንተ የሚደርሰው 260 ብር፣ ሱቁ የሚያስቀረው 90 ብር ይሁን። ሁሉም ቢሸጥ 26,000 ብር ይገባል፣ 8,000 ብር ይተርፋል። ያምራል።

አሁን 10ሩን ለሬዲዮ ጣቢያ፣ ለዲጄና ለየሱቁ ናሙና ሰጣችሁ። የቀረው 90 ቢሸጥ ትርፉ ወደ 5,400 ወረደ። ከ100ው 70 ብቻ ከተሸጠ ደግሞ 18,200 ገብቶ 18,000 ሲነሳለት የቀረው 200 ብር ነው፤ ለአራት የባንድ አባላት አንድ አንድ ማኪያቶ ነው። ወጪያችሁ የሚመለሰው 70ኛው ፍሬ ሲሸጥ ነው። ባለሱቁ 40 በመቶ ብሎ ካስማማችሁ የሚደርሳችሁ 210 ብር ይሆንና ወጪው የሚመለሰው 86ኛው ላይ ነው። ያንን የተጨማሪ 16 ፍሬ ርቀት ነው በድርድሩ የምትገዙት ወይም የምትሸጡት። ስቱዲዮው፣ ሚክሲንጉና ማስተሪንጉ እዚህ ውስጥ አልገቡም፤ እነሱን ከአልበም ሽያጭ እመልሳለሁ ብሎ ማሰብ አይበጅም፣ ከመድረክ ሥራ ነው የሚመለሱት።

የሱቁን ድርሻ በመቶኛ አትዋዋሉ። በፍሬ ስንት ብር ለባንዱ እንደሚገባ ይጻፍ። በመቶኛ ሲሆን ልጁ ለጓደኛው በ250 ብር ሸጦ "የ250ው ድርሻችሁ ይሄው" ይላል። በብር ሲቆረጥ ቅናሹ ከሱቁ ኪስ ነው። ድርሻውንም አታሳንሱበት፤ 90 ብር የምታስገኝለት አንዲት ካርቶን፣ ፍላሽ ሞልቶ ከሚያገኘው በላይ ከሆነች ኮምፒውተሩን ትቶ ወደ መስቀያው ያመለክታል።

የመጀመሪያው ቀን

አመሻሽ ላይ አትሂዱ፤ ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ድረስ ጥሩ ነው። ሁለት ሰው ይበቃል፤ ባንዱ በሙሉ ሲገባ ጠብ ይመስላል። ባለቤቱን ራሱን አግኙ፤ ለቅጥር ልጅ የተነገረ ነገር ለባለቤቱ አይደርስም። ንግግሩም አጭር ይሁን፦ "ጋሼ፣ ጤና ይስጥልን። የዚሁ የሀዋሳ ልጆች ነን፣ አልበም አውጥተናል። 5 ፍሬ በአደራ ልንተውልዎት ነው፣ ሲሸጥ በፍሬ 90 ብሩ የእርስዎ ነው። አንድ ዘፈን ብቻ ይስሙልን።"

ያቺ አንዲት ዘፈን የምትሰማው ደጃፍ ላይ ባለው ሞንታርቦ ነው፤ እዚህ ጋ ብዙ ባንድ ሳያውቀው ይወድቃል። ሞንታርቦው አንድ ብቻ ስለሆነ የግራውና የቀኙ ድምፅ ይደመራል። ስቱዲዮ ውስጥ ድምፁን ሰፊ ለማድረግ ተብሎ ግራና ቀኙ ተገላብጦ የተሠራ ነገር ካለ፣ ሲደመር እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ከበሮና ቤዙ ይቀራል፣ ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ባለሱቁ "ድምፁ አይሰማም" ይላል፣ ልክ ነው። ማስተሪንግ ሳያልቅ ሚክሱን በሞኖ አድርጋችሁ በአንዲት ትንሽ ስፒከር ስሙ። መግቢያውም ለዚህ ሰዓት ይታሰብበት፤ 50 ሴኮንድ በዋሽንት የሚጀምር ዘፈን ግሩም ሊሆን ይችላል፣ ግን ባለሱቁ በ20ኛው ሴኮንድ ላይ ስልክ ይነሳበታል።

20 ፍሬ አምጡ ቢላችሁም 5 ብቻ ተዉ። 20 የተደረደረ ነገር "ያልተሸጠ" ይመስላል፤ ቢጠፋም ጉዳቱ ይበዛል። 2 ሲቀሩት መልሳችሁ ትሞላላችሁ፣ ለመሙላት መሄድ ደግሞ ለመጠየቅ ሰበብ ይሆናል። ከአምስቱ ውጭ አንድ የተከፈተ ናሙና ስጡ፣ "ናሙና — አይሸጥም" የሚል ማኅተም አድርጉበት። ይህ ካልተደረገ ናሙናው ይሸጥና ሂሳቡ ከቆጠራው ጋር አይገጥምም፤ ስድስት ሰጥታችሁ አምስት ወይስ አምስት ሰጥታችሁ ስድስት በሚል ክርክር ወዳጅነት ይበላሻል።

የርክክቡ ወረቀት

መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ዕቃ ያለ ሞዴል 19 ገቢ፣ ያለ ሞዴል 22 ወጪ እንደማይሆን ያውቃል። የእናንተም ዕቃ እንዲሁ ነው። ካርቦን ያለው ጥራዝ ግዙ፤ ዋናው ለሱቁ፣ ቅጂው ለእናንተ። እያንዳንዱ ፍሬ ጀርባ ላይ በማይለቅ ቀለም ከ001 ጀምሮ ቁጥር ይኑረው። የሚጻፈው ይህን ያህል ነው፦

"ዛሬ ጥር 12 ቀን ቁጥር 041 እስከ 045 የሆኑ 5 ፍሬ የሙዚቃ አልበም ለሽያጭ በአደራ ተረክቤያለሁ። የመሸጫ ዋጋው 350 ብር ሲሆን ከተሸጠው በፍሬ 260 ብር ለባንዱ እከፍላለሁ። ያልተሸጠውን ሳይከፈት ብመልስ ዕዳ የለብኝም። የጠፋ ወይም እኔ ጋ የተበላሸ እንደተሸጠ ይቆጠራል። ሂሳብ በየ15 ቀኑ እናያለን፤ ከ60 ቀን በኋላ ያልተሸጠው ይመለሳል።" ከሥሩ የሱቁ ስም፣ የባለቤቱ ስም፣ በእጅ የተረከበው ሠራተኛ ስም፣ ሁለቱም ፊርማ።

"የጠፋ እንደተሸጠ ይቆጠራል" የምትለዋን ሐረግ ባለሱቁ ሊቃወማት ይችላል። አትልቀቋት፤ ከፈለገ ከ5ቱ አንዱን ይቅርታ አድርጉለት። ያለዚያች ሐረግ "ጠፋ" የሚለው ቃል ሂሳብ መዝጊያ ይሆናል። ደረሰኝ የሚቆርጥና ሂሳብ የሚያሠራ ትልቅ ሱቅ ደግሞ ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ባንዱ ፈቃድ ከሌለው በአንዱ አባል ፈቃድ ወይም ፈቃድ ባለው ስቱዲዮ በኩል መሄድ ይቻላል፤ እሱንም በጽሑፍ።

ዙር

አንድ ሰው ብቻ ይዙር። ሁለት ሰው ሲሆን "ለጓደኛህ ከፍያለሁ" ይመጣል። ገንዘቡ የሚገባበት የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥርም አንድ ይሁን፣ ስሙም ወረቀቱ ላይ ካለው ስም ጋር ይግጠም። መጀመሪያ ከ7 ቀን በኋላ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ። ስትሄዱ "ተሸጠ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ "እስካሁን ምንም" ነው። መስቀያው ጋ ሂዱና ቁጥሩን አንብቡ፦ 041 እና 044 የሉም፣ እንግዲህ ሁለት ነው። የተሸጠውን ወዲያው ተቀበሉ፣ ጥራዙ ላይ አስፈርሙ፣ የጎደለውን ሙሉ። 520 ብር ትንሽ ነው ብላችሁ "ሲጠራቀም እንወስዳለን" አትበሉ። ከባለሱቅ ኪስ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ 520ውን በደስታ የሚሰጥ ሰው 5,200ው ላይ ቀጠሮ ያበዛል።

ከሂሳቡ ሌላ ፍሳሹን መያዝም አለ። አልበማችሁ በየሱቁ ኮምፒውተር መገልበጥ ሲጀምር ምንጩ ከየት እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋላችሁ። ለየሱቁ በሰጣችሁት ናሙና ፍላሽ ውስጥ አንዱ ፋይል መጨረሻ ላይ የዝምታውን ርዝመት አለያዩ፦ ለአንዱ ሱቅ 2 ሴኮንድ፣ ለሌላው 3፣ ለሌላው 4። ጆሮ አያውቀውም፣ ኮምፒውተር ግን ይለየዋል። ሲገኝ ፖሊስ ጠርቶ መጮህ መብታችሁ ነው፤ ከአንድ ከተማ ሱቅ ጋር ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው በግል ማነጋገርና ሌላ ናሙና አለመስጠት ነው። ሙሉ በሙሉ አታስቆሙትም። የምትችሉት ካርቶኑ ውስጥ ኮምፒውተሩ የማይሞላውን ነገር መጨመር ነው፤ የግጥም ወረቀት፣ ለቀጣዩ የመድረክ ዝግጅት የመግቢያ ቅናሽ ቁራጭ። አልበሙን በሙሉ በዩቲዩብ ለቃችሁ በማግስቱ ለባለሱቁ "ሽጥልን" አትበሉት፤ አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ልቀቁ፣ ቀሪውን ቢያንስ ለሁለት ወር ያዙ።

መቼና የት

ዓቢይ ጾም ውስጥ ዘፈን የያዘ አልበም ይዞ መዞር ድካም ነው። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለገና እንዲደርስ አስቡና ከሦስት ሳምንት በፊት ሱቅ ውስጥ ይግባ። ሀዋሳ የራሷ ቀኖችም አሏት። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ከሩቅ ሰው ያመጣል፤ ለመዝሙር ግን እንጂ ለዘፈን እንዳትቆጥሩት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በሲዳምኛ ለሚጫወት ባንድ ትልቁ ወቅት ነው፤ ቀኑ ኮከብ በሚቆጥሩት አዋቂዎች፣ በአያንቶዎች፣ ቆጠራ ስለሚወሰንና በየዓመቱ ስለሚዞር ማተሚያ ቤቱን ቀድማችሁ ያዙ። የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ሰሞን የስጦታ ገበያ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሐይቅ ዳር ያሉ የጌጣጌጥ መሸጫዎች ከሙዚቃ ቤቱ የተሻለ ሊሸጡላችሁ ይችላሉ።

ከከተማው ስትወጡ የዙሩን ወጪ አስሉ። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ናት፤ በየሁለት ሳምንቱ ደርሶ መልስ ይቻላል፣ ሬጌ ለሚጫወት ባንድ ደግሞ ጃማይካ ሰፈር አለላት። ይርጋለምና አለታ ወንዶ የሲዳምኛ ዘፈን ላለው ያዋጣሉ። አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ10 ፍሬ ሂሳብ ለመቀበል ሰው መላክ ከትርፉ ይበልጣል። እዚያ ወይ የታመነ ሰው ይኑራችሁ፣ ወይ ለአንድ ሱቅ በቅናሽ በካሽ ሸጣችሁ ጨርሱ።

ስለ ውጭ ሀገር በአጭሩ። የፈረንሳዩ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ ኢትዮፒክስ የተባለውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ማውጣት ከጀመረበት ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚፈልጉ የሸክላ መሸጫዎች በየሀገሩ አሉ። እነሱ የሚፈልጉት ግን ሸክላ ነው፤ በአንድ ገጽ ከ20 ደቂቃ ብዙ ካልበለጠ ጥሩ ድምፅ ይሰጣል፣ ለማሳተም ወራት ይፈጃል፣ በትንሽ ቁጥር ሲሆን ፍሬው ይወደዳል። በአደራ የሚቀበሉት የተለመደው ክፍፍል 60 ለባንዱ፣ 40 ለሱቁ ነው፤ የሚወስዱትም በአንድ ጊዜ 3 ወይም 5 ፍሬ ነው። በፖስታ የተላከ ያልተሸጠ ሸክላ የመመለሻው ክፍያ ከዋጋው ሊበልጥ ስለሚችል፣ ባርኮድ ይዛችሁ በአከፋፋይ በኩል መሄድ ነው የሚሻለው።

60ው ቀን ሲሞላ ያልተሸጠውን ሰብስቡ። ባለሱቁ "ይቆይ እንጂ፣ ይሸጣል" ይላል፤ እየሸጠ ከሆነ አዲስ ርክክብ ተፈራርማችሁ ይቆይ፣ በ60 ቀን አንድ ብቻ ከሸጠ ግን ውሰዱት። ካርቶኑ ያደፈውን ፍላሽ ከፍታችሁ ለቀጣዩ ሥራ አስቀምጡት፤ ሲዲ ቢሆን ይህ ዕድል የለውም። ያላደፈው በቀጣዩ ኮንሰርት በር ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ በ300 ብር ይሸጣል፤ እዚያ 90 ብር የሚወስድ ሰው የለም።